ቄስ ዘውዱ ያልጨረሱት ምርቃት

ጌጤ ክር የምትገዛው በካርቶን ነው። ከሱቋ ቀጥሎ ጨርቅና ክር የሚሸጠው ሙስጠፋ የእሷን ካርቶን ቀድሞ ለይቶ ያስቀምጥላታል። የዚያን ሰኞ ግን መጣችና «አንድ ጥቅል ነጭ፣ አንድ ጥቅል ጥቁር» አለችው።

«ምነው ጌጥዬ፣ የስፌት መኪናሽ ጾም ያዘች እንዴ?»

«የከተማው አዳራሽ በር ላይ የለጠፉትን አላየህም?»

አይቷል። ያላየ ነጋዴ የለም። መንግሥት ትልቅ ዕቅድ አምጥቷል። ገበያው ቦታ ላይ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ነው። ለዚያ ሲባል የነጋዴው ሁሉ ግብር ለአምስት ዓመት እጥፍ ይሆናል። የቆርቆሮ ሱቆቹ ይነሳሉ፤ ሕንፃው እስኪያልቅ ነጋዴው እንደምንም ብሎ ይቆያል፣ ከዚያ ዕጣ ያወጣል። የሕንፃው ሥዕልማ ያምራል። መስተዋት በመስተዋት ነው፣ ደጁ ላይ ዘንባባ ቆሞበታል።

«ዘንባባውን የጉና ብርድ ሲያገኘው ማየት ነው» አለ ሙስጠፋ። ጌጤ አልሳቀችም።

ጌጤ የይፋግ ገበሬ ልጅ ናት። ኩዌት ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። እዚያ መጀመሪያ የተማረችው ቃል «ሐዲር» ነው፣ እሺ ማለት። እመቤቲቱ ከላይ ሆና ስትጣራ፣ ምን እንደፈለገች እንኳ ሳትሰማ «ሐዲር!» ብላ ትሮጣለች። ደብረ ታቦር ከገባች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ዛሬም ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ አፏ ልቧን ይቀድማል። እነዚያን ስምንት ዓመታት አንድ የስፌት መኪናና አንድ የቆርቆሮ ሱቅ አድርጋቸዋለች። ሌላ የላትም።

በገበያ ቀን ድንችና ዶሮ ይዘው የሚመጡ የገጠር ሴቶች ጨርቃቸውን ይጥሉላትና ይሄዳሉ። ሸጠው ሲጨርሱ በሯ ላይ ተቀምጠው፣ እየተጫወቱ፣ እስኪሰፋ ይጠብቃሉ። አራተኛ ፎቅ ቢደርሳት ማን ነው ዶሮውን አንጠልጥሎ ደረጃ የሚወጣላት? እሱ እንኳ ይቅር፤ ሱቋ ከፈረሰ እጥፉን ግብር ምን ሠርታ ነው የምትከፍለው? ይኼን እያሰበች እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች።

ነጋዴዎቹ በየሱቁ ሲያጉረመርሙ ከረሙና ስለ ዕቅዱ የተጠራው ስብሰባ ሲቃረብ እሷን መረጧት። «አንች አገር አይተሻል፣ አትፈሪም፣ ተናገሪልን» አሏት። እንደምትፈራ ለማንም አልነገረችም። እሺ አለች።

ስብሰባው ቀን፣ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ደሳለኝ ማይኩን ከጠዋት እስከ ምሳ አልለቀቀም። ጌጤ ሦስት ጊዜ እጇን አወጣች። ሦስተኛው ላይ አያትና «ሰዓቱ ሄዷል፣ አባታችን ይመርቁንና እንዝጋ» አለ።

ቄስ ዘውዱ ተነሱ። የጌጤ የነፍስ አባት ናቸው። ሰው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ።

«አገራችንን ሰላም ያድርግልን።»

«አሜን!»

«ከተማችንን ያልማልን፣ የታሰበውን በጎ ነገር ሁሉ ይፈጽምልን።»

«አሜን!»

ጌጤም አሜን አለች። ያውም ጮክ ብላ። ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም የሚል ማን አለ?

በማግሥቱ ቃለ ጉባኤው ተለጠፈ። «ተሰብሳቢው ዕቅዱን በአባታችን ምርቃት፣ በአሜንታ ተቀብሎታል» ይላል። ሐሙስ ዕለት ተነብቦ ይጸድቅና ወደ በላይ አካል ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም፣ መፍረስ ነው።

«እኔ በበኩሌ አሚን ነው ያልሁት» አለ ሙስጠፋ፣ «ወላሂ የኔን ሊቆጥሩት አይችሉም።» ጌጤ ሳቅ አመለጣት። እንድትናገርላቸው የላኳት ነጋዴዎች ግን ሲያልፉ ሰላምታቸው አጥሯል። አንደኛዋማ «ስንት ሰጡሽ?» ብላታለች፣ እየሳቀች፣ ግን ብላታለች።

ረቡዕ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ዘውዱን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጠብቃ መስቀል ተሳለመች።

«አባ፣ ይፍቱኝ። የዚያን ዕለት ምርቃትዎን አሜን ብያለሁ።»

«ታዲያ ደግ አደረግሽ።»

«ዕቅዱን ግን አልፈለግሁትም። ሱቄን ነው የሚያፈርሱብኝ።»

«እኔ የመረቅሁት ከተማውን ነው፣ ወረቀት አልመረቅሁም።»

«እነሱ ወረቀቱን መረቁልን ብለው ጻፉ፣ አባ።»

ቄስ ዘውዱ መስቀላቸውን በነጠላቸው ጠርዝ ሲጠርጉ ቆዩ። «ምርቃት ከአፍ ከወጣ አይመለስም፣ ልጄ» አሉና ሄዱ። ጌጤ መልስ ልትወስድ መጥታ፣ የባሰ ጭንቀት ይዛ ተመለሰች።

ሐሙስ አዳራሹ ጢም አለ። ደሳለኝ ቃለ ጉባኤውን አነበበ። «ተቃውሞ የለም አይደል?» አለ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ጌጤ ልነሳ ብላ አሰበች። ከኋላዋ ሙስጠፋ ጎኗን ነካ አደረጋት። አልተነሳችም።

«እንግዲያው ጸድቋል። አባታችን ይመርቁንና እንለያይ።»

ቄስ ዘውዱ ተነሱ። መዳፎች ሁሉ ተዘረጉ። ጌጤ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። መናገር አልቻለችም፤ እጇን አለመዘርጋት ግን ቻለች።

«እግዚአብሔር ሰላሙን ያብዛልን።»

«አሜን!»

ጌጤ ከንፈሯን ነከሰች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ዞር ብላ አየቻት። ጌጤ ከማያምን ሰው እንደምትቆጠር፣ ለከተማው ክፉ አሳቢ እንደምትባል አወቀች።

«የተጀመረውን...» ብለው ቄስ ዘውዱ ቆሙ። አይተዋታል። «ጌጤ፣ እጅሽ ወዴት ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ቆመች፤ እንዴት እንደቆመች አታውቀውም።

«አባ ይማሩኝ። ምርቃትዎን ጠልቼ አይደለም። አሜን ካልሁ ሱቄን አፍርሱ ብላለች ብለው ይጽፉብኛል። ባለፈውም ጽፈውብኛል።»

«ስብሰባው ተዘግቷል!» አለ ደሳለኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ጌጤ እሺ ልትል አፏን ከፈተች።

«ምርቃት ሳያልቅ ስብሰባ የሚዘጋው የት አገር ነው?» አለ ሙስጠፋ ከኋላ። ሰው አጉረመረመ። ቄስ ዘውዱ እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው። ምርቃቱን አልቀጠሉም፣ እጃቸውንም አልሰበሰቡም። እሳቸው እስካልጨረሱ ድረስ ማንም ከአዳራሹ አይወጣም። ያን ጊዜ ጌጤ ገባት፤ እየጠበቋት ነው።

ተናገረች። የተለማመደችው ሁሉ ጠፍቶባት ነበርና እንደመጣላት ተናገረች። ስለ ዶሮዎቹና ስለ ደረጃው፣ ሱቅ ሳይኖር ስለሚጠየቀው እጥፍ ግብር። «ሕንፃ አልጠላሁም። ሠርተን እየከፈልን ቀስ ተብሎ ይሠራ። ካልሆነም አሜን ሳይሆን እጃችንን ቁጠሩት» አለች። የቄሱ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው።

«ደሳለኝ፣ ልጄ» አሉ ቄስ ዘውዱ፣ «ያለፈውን መመለስ አልችልም። ይኼን ግን አልጨርሰውም።» እጃቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

ግማሽ ምርቃት! እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው የለም። ባልተጨረሰ ምርቃት ላይ ፊርማውን ለማስቀመጥ ከኮሚቴው አንድም ሰው አልደፈረም። አንዱ ሲያስልና አንዱ ብዕሩን ሲፈልግ ቆይተው፣ በመጨረሻ «ዕቅዱ እንደገና ይጠና፣ ድምፅ በእጅ ይቆጠር» ተባለ። ደሳለኝ ወደ ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ «የተናገረችዋን ሴት ስም እስከ አያቷ ጻፍልኝ» ሲለው ጌጤ ሰማች። ለምን እንደሆነ አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆነ። ሱቋ እንደቆመ ነው። ነጋዴዎቹ ሰላምታቸውን አስረዝመዋል። ባለፈው ቅዳሜ በረዶ ወርዶ የአንዱን ገበሬ ድንች ሲመታበት ግን፣ «ምርቃት ያስቋረጠችው ናት» የሚል ሰው አልጠፋም። በሯ ላይ ጥላ ባረፈ ቁጥር እግሯን ከፔዳሉ ታነሳለች። ስሟ የተጻፈበትን ወረቀት የያዘ ሰው ይመስላታል። ቀና ስትል ጨርቅ የያዘች የገጠር ሴት ትሆናለች።

ትናንት ክር አለቀባትና ወደ ሙስጠፋ ገባች።

«ካርቶኑን ላውርድልሽ ወይስ እንደ ድሃ በጥቅል?»

ጌጤ ወደ ውጭ፣ ወደ ቆርቆሮ ሱቋ አየች። ድምፁ መቼ እንደሚቆጠር ገና አልተነገረም።

«ግማሹን ስጠኝ» አለችው።

«ግማሽ ካርቶን አይሸጥም!»

«አንተ ያዝልኝ ቀሪውን። ከቆጠሩ በኋላ እወስደዋለሁ።»

ሙስጠፋ ካርቶኑን በቢላ ቀደደው።