ጥይት የበሳው ቤት ሠርግ

ጓደኛዬ ከሱሉልታ ደውላ «ድረሺ! ግድግዳሽን ሊለስኑብሽ ነው!» ስትለኝ፣ ሰበታ ቤቴ ጎንበስ ብዬ ፀጉሬን እየታጠብኩ ነበር። ማን ያለቅልቅ! ከነአረፋው በሻሽ ጠቅልዬ፣ ካሜራዬን አንጠልጥዬ ሮጥኩ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት፣ አረፋው ግንባሬ ላይ ሲወርድ አይተው «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። «አንድ ግድግዳ ሊያመልጠኝ ነው እማማ» አልኳቸው። አማተቡና ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

እኔ እንዲህ ነኝ፣ ምን ላድርግ። ሰው ዘመድ ሊጠይቅ አገር ሲያቋርጥ እኔ የጦር ሜዳ ልጠይቅ እሄዳለሁ። ከተማ ስገባ መጀመሪያ የምለው «ሐውልታችሁ የት ነው?» ነው። ምሽግ፣ የጣሊያን ድልድይ፣ ሰገነቱ የዘመመ ፎቅ ካየሁ ምሳዬን እረሳለሁ። እናቴ «የሰው ልጅ ባል ታመጣለች፣ የኔዋ የድንጋይ ፎቶ» እያለች ትተርበኛለች።

ካየሁት ሁሉ ግን ልቤን የወሰደው የጓደኛዬ ወላጆች ቤት ነው። ጣሊያን ለመንገድ ጥበቃ በድንጋይና በጭቃ የሠራው ነው፤ አርበኞች ሲገጥሙት የፊት ግድግዳው በጥይት ተበሳስቶ ቀረ። ቀዳዳዎቹ ጎልተው የሚታዩት የከሰዓት ፀሐይ በጎን ስታርፍባቸው ብቻ ነው። እኔ በሄድኩ ቁጥር ደግሞ የሱሉልታ ጉም ቀድሞኝ ይደርሳል። «ግድግዳ የት ይሄዳል?» ብዬ ተዘናጋሁ። ይኸው ጓደኛዬ እሁድ ልትዳር ሆነ፤ ሠርግ ያለበት ቤት ደግሞ ሳይለሰን፣ ቀለም ሳይቀባ አይሆንም።

ስደርስ ሲሚንቶው ተቦክቷል። ግንበኛው መዝሙር እያንጎራጎረ ከወዲያ ጥግ ሊጀምር ነው። ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል፣ እልል!

«አካም ጅርቱ አዴ!» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው ገና ከበሩ። የጓደኛዬን እናት አዴ ነው የምላቸው።

«ፈያ፣ ፈያ። ራስሽን ምን ነካሽ?»

«በሞቴ አዴ፣ ፀሐይዋ ዞር እስክትል ይታገሱኝ!»

«ሲሚንቶው ይታገሳል? አማቾቹ መጥተው ‘ልጅቷ ያደገችው ወንፊት ውስጥ ነው’ ይበሉኝ?»

እውነታቸውን ነው። የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔማ ፎቶዬን ይዤ ሰበታ እገባለሁ። ቢሆንም ጉልበታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። ሙሽሪት ከኋላዬ በሳቅ ትንፈራፈራለች። በመጨረሻ «እሺ፣ አንድ ፎቶ! ከዚያ ወዲያ እንዳትነዘንዢኝ» አሉ።

ፀሐይዋ እስክትዞር ቀዳዳዎቹን ላጽዳ አልኩ፤ የሆነ ነገር ተወትፎባቸዋል። እንጨት ሰድጄ ጎርጎር ሳደርግ ለስላሳ ነገር ነካሁ። ጥይት ጠብቄ ጥቁር ድብልብል ነገር እጄ ላይ ዱብ! «እናቴ ድረሽ! አይጥ!» ብዬ ወደ ኋላ ስዘል ባልዲ ገለበጥኩ። ሙሽሪት መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ያዘች።

አዴ ግን አልሳቁም። «እንዳትጥዪው!» አሉ።

አይጥ አልነበረም፣ ፀጉር ነው። ሴት ስታበጥር ማበጠሪያው ላይ የሚቀረውን ፀጉር ሜዳ ላይ አትጥልም፤ ነፋስ ይወስደዋል፣ ክፉ ሰው ያገኘዋል። ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትወትፈዋለች። እዚህ ቤት ደግሞ ስንጥቅ መፈለግ አላስፈለገም፤ ጥይት አዘጋጅቶላቸዋል። እኔ ስንት ጊዜ የተመላለስኩበት የጦር ሜዳ ለካ የሴቶች ጓዳ ኖሯል!

«ይሄ የኔ ነው። ሙሽራ ሆኜ የመጣሁ ሰሞን» አሉ አዴ፣ ድብልብሉን ከሻሻቸው ሥር ካመለጠው ሽበት ጎን አስጠግተው። «እዩት እንዴት እንደሚጠቁር! አይ ጊዜ፣ ጣሊያኑም ሄደ፣ ፀጉሬም ሄደ።» ሳቁ፤ ሳቃቸው መሃል እንባቸው መጣ።

ከዚያማ ማን ያቁመን! ተራ በተራ ጎረጎርን። ከላይ የአማታቸው ነጭ ፀጉር ወጣ። ከታች፣ ጉልበት አካባቢ፣ ቀይ ክር የተጠላለፈበት ስስ ፀጉር አገኘን፤ የጓደኛዬ የልጅነት ሹሩባ። ከሱ ከፍ ብሎ ሌላ፣ ከሱም ከፍ ብሎ ሌላ። ልጅቷ ባደገች ቁጥር እጇ የሚደርስበት ቀዳዳ ከፍ እያለ ሄዷል። አዴ በመዳፋቸው ከታች ወደ ላይ እየዳበሱ ደረታቸው ጋ ሲደርሱ እጃቸውን እዚያው አሳረፉ።

«አዴ፣ እየደረቀ ነው» አለ ግንበኛው።

«ይድረቅ! ሂድና ሽንት ቤቱን ለስንበት!»

ለሰነው። ሱሉልታ ውስጥ እንደዚያ ያማረ ሽንት ቤት ያለ አይመስለኝም። እኛም ያወጣነውን ሁሉ ወደየቀዳዳው መለስን። ፀሐይዋ ዞረች፣ እኔም እየዘለልኩ አነሣሁ፣ አነሣሁ። አንድ ፎቶ የተባለውን ማንም አላስታወሰኝም። ስጨርስ አዴ ራሴን አስጎንብሰው የደረቀውን ሻምፖ አጠቡልኝ፣ አበጠሩኝ፣ ለኔም ቀዳዳ ሰጡኝ። ጥግ ላይ ነው፣ ግን ጥሩ ብርሃን አለው።

እሁድ አማቾቹ መጡ። አንዲት አክስት ግድግዳውን አየት አድርገው «አልተለሰነም እንዴ?» አሉ። «የለም፣ ሥራ ላይ ነው» አሉ አዴ ቀና ብለው።

መኪናው ጥሩንባውን ሲነፋ ሙሽሪት ደረጃው ላይ ቆም አለች። ጠዋት ስትበጠር የወጣውን ፀጉር ከእጅ ጓንቷ ውስጥ አውጥታ፣ በእግሯ ጣት ተንጠራርታ፣ ከሁሉም ከፍ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ወተፈችው። ድንጋይ እንጂ ሰው ፎቶ የማላነሣው እኔ አነሣኋት። ጠዋት ሙሉ «ልጄን ወሰዱብኝ» ሲሉ ያረፈዱት አዴ ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ጠበቅ አደረጉና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«በይ አሁን ሂጂ» አሏት። «እዚህ አለሽ።»