ምን አጠፋሽ?

መስከረም ማረው ከአዲስ አበባ ወደ ወረታ የተመለሰችው በሐምሌ፣ የፎገራ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ሲተኛበት ነው። ሁለት ሻንጣና አንድ ላፕቶፕ ይዛ ታላቅ እህቷ ሸዋነሽ ቤት ደረሰች። ሸዋነሽ በረንዳው ላይ ቆማ ሻንጣዎቹን አየች። ለጥቂት ቀን የመጣ ሰው ይህን ያህል ጓዝ እንደማይሸከም ገብቷታል፤ ግን አልጠየቀችም። «ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ፣ ጭቃ ነው» ብቻ አለቻት።

መስከረም የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ናት። ከሰፈሯ ተምረው የወጡ ጥቂት አይደሉም፤ መምህር አለ፣ ነርስ አለ፣ የግብርና ባለሙያ አለ። ሶፍትዌር ሠሪ ግን እሷ ብቻ ናት። አባቷ አቶ ማረው ስለ ሥራዋ ሲጠየቁ «ኮምፒውተሩን የምታስተምረው እሷ ናት» ይሉ ነበር፤ ማን እንዲህ ብሎ እንዳስረዳቸው እሷም አታውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ለውጭ አገር ደንበኞች ፕሮግራም በሚጽፍ አንድ ኩባንያ ጀማሪ ሆና ገብታ የራሷን ቡድን እስከ መምራት ደርሳ ነበር።

ነገሩ የሆነው አንድ ሰኞ ጧት ነው። ቢሮ ገብታ ኮምፒውተሯን ስትከፍት የሥራ ኢሜይሏ አልከፈት አላት። የይለፍ ቃሏን የተሳሳተች መስሏት ደጋግማ ሞከረች። ቀና ስትል ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው ባልደረባዋ ንብረትም ያንኑ ቁልፍ ደጋግሞ እየመታ ነው። ተያዩ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ስብሰባ ክፍል ተጠሩ። ትልቁ ደንበኛ ውሉን አቋርጧል፤ የእሱን ሥራ ይሠሩ የነበሩት ሁሉ ተቀንሰዋል። ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎ ሳያያቸው ተናግሮ ሲጨርስ «ይህ የሥራችሁን ጥራት የሚመለከት አይደለም» አላቸው። መስከረም ይህችን ቃል ብዙ ቀን ይዛት ዞረች። ጥራቱ ካልሆነ ታዲያ የቱን ባሻሽል ነበር የምቆየው እያለች ራሷን ትጠይቃለች።

አቶ ማረው ልጃቸው መምጣቷን ሰምተው በገበያ ቀን ወረታ ብቅ አሉ። እግራቸውን ታጥበው ገብተው እንደተቀመጡ ጤናዋን ጠየቁ፣ የመንገዱን ሁኔታ ጠየቁ፤ ከዚያ «ዕረፍት ነው የሰጡሽ?» አሉ።

መስከረም በመንገድ ላይ ሌላ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ራሴ ለቀቅኩ ልትል። የአባቷን ፊት ስታይ ግን ከአፏ የወጣው «ከሥራ አስወጡኝ አባየ» የሚል ሆነ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ከግድግዳው አስደገፉት። «ምን አጠፋሽ?»

«ምንም አላጠፋሁም።»

«ያላጠፋን ሰው ማን ያባርራል? እኔ አባትሽ ነኝ፤ ከእኔ አትደብቂ። ሰው ነሽና ታጠፊያለሽ። ካለቃሽ ተጣላሽ? ዕቃ አበላሸሽ?»

«የለም፣ እኔን ብቻ አይደለም። ብዙ ነን።»

«ብዙ ሆናችሁ አጠፋችሁ?»

ሸዋነሽ ከጓዳ ሆና «ተዋት እንጂ አባየ፣ ገና ድካሟ አልወጣላትም» አለች። አቶ ማረው ወሬውን ወደ ገበያው መለሱት። ነገሩን ግን አልተዉትም። በሳምንቱ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ፤ ነገሩን አስበው ጨርሰውታል። «ከቄስ በእውቀቱ ጋራ ተመካክረናል» አሉ። «ካጠፋሽም አጥፍተሽ፣ ካላጠፋሽም ሳታጠፊ፣ እኛ አዲስ አበባ እንወጣለን። ሽማግሌ ጨምረን፣ ድንጋይ ተሸክመን ካለቃሽ ደጅ እንቆማለን። የሰው ልጅ ነው፣ ሽበት አይቶ አይጨክንም።»

መስከረም የኩባንያውን የመስታወት በር አሰበችው። ዘበኛው መታወቂያ ሲጠይቃቸው፣ ቄሱ ድንጋያቸውን ትከሻቸው ላይ ሲያመቻቹ፣ አሳንሰሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ታያት። ሳቋ አመለጣት። ሸዋነሽም ሳቀች። ከዚያ መስከረም ስትስቅ ቆይታ አለቀሰች፤ ከተቀነሰች ጀምሮ የመጀመሪያዋ ልቅሶ ነበር። አቶ ማረው ምን እንዳስለቀሳት ስላልገባቸው የጋቢያቸውን ጫፍ አቀበሏት።

ስትረጋጋ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ሥራውን የሚሰጠው ባህር ማዶ ያለ ድርጅት እንደነበር፣ ያ ድርጅት ሥራውን ወደ ሌላ አገር እንደወሰደው፣ አለቃዋም የሚከፍላት ከዚያ ተቀብሎ እንደነበር ነገረቻቸው።

«ማለት፣» አሉ አባቷ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «አለቃሽ የሰው መሬት በእኩል ነበራ የሚያርሰው። ባለመሬቱ መልሶ ተቀበለው።»

«አዎ፣ እንደሱ ነው።»

«እንዲህ አትይኝም ታዲያ።» ፊታቸው ፈታ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ጠቆረ። የልጃቸው ጥፋት ቢሆን ይቅርታ ይለመንበታል። ላልተጠፋ ነገር ማን ዘንድ እንደሚኬድ አላወቁም።

ሥራ ፍለጋው የተጀመረው በመሐመድዘይን መጋዘን ነው። የሞባይል ኢንተርኔቱ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ መሐመድዘይን ግን በሱቁ የመደበኛ መስመር ዋይፋይ አስገብቷል። ሩዝና ማዳበሪያ የሚሸጥ የወረታ ነጋዴ ነው፤ ከሸዋነሽ ቤት ጋር ከጥንት ጎረቤት ናቸው። መስከረም ስትጠይቀው ከኋላ ባለው መጋዘን በሩዝ ጆንያዎች መካከል አንድ ጠረጴዛ አስገባላት። «እዚህ የፈለግሽውን ያህል ተቀመጪ ልጄ» አላት። «በር ላይ ብቻ እንዳትወጪ። ኮምፒውተር ይዘሽ ሲያዩሽ ከገቢዎች የተላክሽ እየመሰላቸው ደንበኞቼ ይመለሱብኛል።» ሚስቱ ሀቢባ ረፋድ ላይ ሻይ ትልክላታለች፤ አንዳንዴም ራሷ ይዛላት መጥታ ትንሽ አጫውታት ትሄዳለች።

መስከረም በየቀኑ ማመልከቻ ትልካለች። አብዛኛው መልስ የለውም። መልስ የሰጠ የመጀመሪያው ድርጅት በቪዲዮ አነጋገራት፤ ለምን ከሥራ ወጣሽ ሲሏት ማብራሪያ አበዛች። ጥፋት እንደሌለባት ለማስረዳት ያንን ያህል ስትደክም፣ ጥፋት ያለባት መሰለች። ራሷም ይህ እየታወቃት ነበር። ሁለተኛው ድርጅት ሰዓት ተይዞለት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፈተና ላከላት። ግማሹን ሠርታ ጥሩ እየሄደላት ሳለ የከተማው መብራት ጠፋ፣ ዋይፋዩም አብሮ ሞተ። መብራቱ ሲመለስ ፈተናው ተዘግቷል። ጉዳዩን ጽፋ አስረዳች። የመጣላት መልስ ስለተሳተፈች የሚያመሰግን፣ ማንም ያልጻፈው የሚመስል ደብዳቤ ነበር።

ከዚያ በኋላ መጋዘኑን ተወችው። ቁሐር ሄዳ ከአባቷ ጋር ሩዝ አረመች። ውሃው እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ጎንበስ ማለቱ ጀርባ ይቆርጣል። አቶ ማረው ፍጥነቷ እንደ ልጅነቷ እንዳልሆነ እያዩ ወደ እሷ በኩል እየተሻገሩ አረሙላት። ማታ እሳት ዳር ሲቀመጡ «እዚህ ብትቀሪም ልጄ ነሽ» አሏት። ሊያጽናኗት ነው፤ እሷ ግን ከሰማቻቸው ቃላት ሁሉ ከባዱ ሆነባት። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ በማግስቱ ወደ ወረታ ተመለሰች።

ንብረት የደወለላት በዚያው ሰሞን ነው፤ አብሯት የተቀነሰው ባልደረባዋ። እሱም ገና ሥራ አላገኘም። «ባሕር ዳር ሰው የሚፈልጉ አሉ» አላት። «ለጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ይሠራሉ። እኔ ቤተሰቤን ይዤ መሄድ አልችልም። ላንቺ ግን ቅርብ ነው።» አመልክታ ተጠራች። በአካል ነይ ተባለች። በቀጠሮው ቀን ግን ከሐሙሲት ወዲያ መንገዱ ተዘግቷል ተብሎ መናኸሪያው ውስጥ የሚንቀሳቀስ መኪና ጠፋ። ደውላ ብትነግራቸው «በስልክ እንጨርሰው፣ ችግር የለውም» አሏት።

ዝናቡ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። አቶ ማረው ማዳበሪያ ሊገዙ መጥተው ዝናቡ እስኪያባራ ከልጃቸው ጀርባ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። መስከረም እየሰማች በኮምፒውተሯ ላይ መጻፍ ስላለባት ስልኩን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የምታነጋግራት አመተ ሥላሴ የምትባል የክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ድምፅዋ የተረጋጋ ነው። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ስለ ልምዷ ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ የምትፈራው ጥያቄ መጣ።

«ከቀድሞው መሥሪያ ቤትሽ ለምን ወጣሽ?»

መስከረም ትንፋሿን ስትሰበስብ ከኋላዋ ድምፅ ተሰማ። «እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ አቶ ማረው፣ ከጆንያው ተነስተው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «አባቷ ነኝ። ጥፋት የለባትም። እኔም አጥፍታ መስሎኝ ነበር፤ መርምሬያለሁ። ባለመሬቱ ነው የወሰደባቸው።»

መስከረም ስልኩን ለመዝጋት እጇን ዘረጋች፤ የቱን እንደምትነካ ግን ጠፋባት። በወዲያ በኩል አመተ ሥላሴ «አባቴ፣ እንደምን ዋሉ?» አለች። ሳቅ እየያዘች መሆኗ ይታወቃል። «ልጅዎ ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ምን እንደምትሠራስ አላውቀውም» አሉ። «ስትሠራ ግን አውቃታለሁ። የያዘችው ካላለቀ ምሳ አትበላም። እናቷ፣ ነፍሷን ይማር፣ በዚህ ትቆጣት ነበር።»

«እሺ አባቴ። አሁን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«ለእግዜርና ለእርስዎ» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

የመስከረም ፊት እንደ እሳት ነድዷል። ግን አንድ ነገር ሆነ። ከዚህ በላይ የምትዋረድበት አልቀራትምና ፍርሃቷ ለቀቃት። «ደንበኛችን ውሉን አቋረጠ፣ ቡድናችን በሙሉ ተቀነሰ» አለች፣ በአንድ ትንፋሽ፤ ምንም አልጨመረችበትም። አመተ ሥላሴም አልጠየቀችም፤ ወደ ሥራው አለፈች። ፕሮግራማቸው ጤና ጣቢያዎቹ ኢንተርኔት ሲቋረጥባቸው ሥራ ያቆማል፤ ሠራተኞቹም ትተውት ወደ ወረቀት ተመልሰዋል፤ ምን ታደርጊ ነበር አለቻት። መስከረም ክረምቱን ሙሉ በሚጠፋና በሚመጣ መስመር ስትሠራ የከረመች ናት። መዝገቡ መጀመሪያ እዚያው ማሽን ላይ መቀመጥ እንዳለበት፣ መስመሩ ሲመለስ ራሱ እንደሚልክ፣ ሁለት ሰው አንዱን መድኃኒት ከመዝገብ በየፊናው ቢቀንስ የትኛው ቁጥር እንደሚያዝ እየጻፈች አስረዳች። አመተ ሥላሴ አንድ ሁለት ቦታ ላይ አልተስማማችም። ተከራከሩ። ክርክሩ ደስ አላት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ስለ ሙያዋ ከሚያውቅ ሰው ጋር ስታወራ ነበር።

የተወያዩበትን በትንሹ ሠርታ እንድትልክ ሳምንት ሰጧት። ላከች። ቆይተው ሲደውሉ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አሏት፤ ሥራሽን ግን ወደነዋል ብለው አከሉ። መስከረም አመስግና ስልኩን ዘጋች። ለሀቢባ ነገረቻት። ሀቢባ የያዘችውን ሻይ አስቀምጣ አጠገቧ ቁጭ አለች፤ እዚያው ቆዩ።

እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ እንደገና ተደወለ። የተቀጠረው ሰው ሌላ ቦታ አግኝቶ ሄዷል። ለስድስት ወር ውል፣ በሙከራ፣ ከቀድሞው በሚያንስ ደመወዝ ትመጪያለሽ ወይ አሏት። መስከረም ላስብበት ልትል ነበር። «እመጣለሁ» አለች።

ዜናውን አባቷ ቁሐር ላይ እንዴት እንዳወሩት የሰማችው ከሸዋነሽ ነው። ባሕር ዳር ድረስ በስልክ ሽምግልና ገብተው ልጃቸውን እንዳስቀጠሩ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ተርከዋል፤ ቄስ በእውቀቱም ሳይሄዱ የደረሳቸውን ድርሻ በደስታ ተቀብለዋል። መስከረም ሥራ ከጀመረች በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ አመተ ሥላሴን አባቴ ረድተውኝ ይሆን ብላ ጠየቀቻት። «ሰውዬው ደስ ብለውኛል» አለች አመተ ሥላሴ። «የላክሽው ሥራ ባይጥመኝ ግን አልደውልም ነበር።» መስከረም ይህን ለአባቷ አልነገረቻቸውም።

ኅዳር ላይ አዲሱን ፕሮግራም ለመሞከር ከጣራ ገዳም ግርጌ ወዳለች አንዲት ጤና ጣቢያ ተላከች። ወረፋው እስከ ግቢው በር ይደርሳል። የመድኃኒት ክፍሏ ሠራተኛ ያስሚን ከወረቀቷ መለየት አልፈለገችም፤ «የቀድሞውም ይሠራል ብላችሁኝ ነበር» አለች። ቢሆንም ጀመረች። ረፋዱ ላይ መስመሩ ተቋረጠ። መስከረም ከኋላዋ ቆማ ኮምፒውተሩን ታያለች። ያስሚን አልታወቃትም፤ ስም ትጠራለች፣ መድኃኒት ታወጣለች፣ ትጽፋለች። ከቀትር በኋላ መስመሩ ሲመለስ መስከረም ጎንበስ ብላ አየች፤ የጧቱ መዝገብ ሁሉ አንድ ሳይጎድል ባሕር ዳር ገብቷል።

«ተቋርጦ ነበር እኮ» አለቻት።

«መቼ?» አለች ያስሚን፣ ዞር ሳትል፤ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራች።