ላኪ የሌለው እቃ

የወጣሁ ለት ማታ እናቴ ጠላውን አጥልላ፣ ወንበር ከጎረቤት ተውሳ፣ ደክሟት ተኝታ ነበር። በማግስቱ የአንድ ነጋዴ ልጅ ሽማግሌዎች ቁርጡን ሊሰሙ ይመጣሉ። እሷ እሺ ብላ ጨርሳለች፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁና ከዲላ ወደ ደቡብ በሚወርድ እህል የጫነ አይሱዙ ተሳፈርኩ። ሽማግሌዎቹን በር ላይ ብቻዋን ቆማ እንደተቀበለቻቸው ታናሽ ወንድሜ ታምሩ ኋላ በስልክ ነገረኝ። «ልጅቷ ታማለች» ብላ መለሰቻቸው አሉ። እናቴ መዋሸት አይሆንላትም፤ ሁሉም ገብቷቸው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስልክ አትቀርብም።

ሞያሌ ስደርስ የኬንያው አስካሪ፣ ያው ፖሊሱ ማለቴ ነው፣ «ኪታምቡሊሾ!» አለኝ። መታወቂያ ማለቱ እንደሆነ ከኋላዬ የቆመች ሴት ነገረችኝ። የቀበሌዬን ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና፣

«ይሄ ማንበብ አልችልም» አለ፣ በተሰባበረ አማርኛ።

«እኔ ላንብብልህ?»

«አንቺ ካነበብሽው እኔ ምን እሠራለሁ?» አለና እየሳቀ አሳለፈኝ።

እንዲህ ሆኜ በኬንያው ሞያሌ በኩል ያለች ሄሉ የምትባል ሰፈር ገባሁ። አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቁርስ መሸጥ ጀመርኩ፤ በዘይት የሚጠበሰው ቂጣ ቻፓቲና ከወተት ጋር የፈላ ሻይ። እኛ ቤት ወተት የሕፃንና የበሽተኛ ነበር፤ እዚህ ጎረምሳው ሁሉ ሲጠጣው መጀመሪያ ሰሞን ያሳዝነኝ ነበር። ኡጋሊ የሚሉት ገንፎማ ቅቤ አያውቅም፣ መሀሉም አይጎደጎድም። ግን ለመድኩ። እንደ አገሩ ሰው ሁለት ሲም ያዝኩ፤ አንዱ የኢትዮጵያ፣ አንዱ የኬንያ። ቤት የሚያውቁት የኢትዮጵያውን ብቻ ነው። ይህቺን ያዙልኝ፤ እኔ አልያዝኳትም።

አንድ ቀን ጠዋት ቻፓቲ እየጠበስኩ በኬንያው ሲሜ መልእክት ገባ። «ምዚጎ ዋኮ ኡሜፊካ» ይላል፤ እቃሽ ደርሷል። ናይሮቢ መጋዘን ተቀምጧል፣ ዛሬውኑ የማስለቀቂያ ካልተከፈለ ወደ ላኪው ይመለሳል፣ ገንዘቡን በዚህ ቁጥር ላኪ። ላኪው ማን እንደሆነ አይልም። ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እማዬ ናት አልኩ፣ ሌላ ማን አለኝና! «ይመለሳል» የሚለው ነው ጉድ የሠራኝ። እናቴ ስንት ጊዜ አምጣ የዘረጋችውን እጅ እኔ ስገፋው ታየኝ። ቻፓቲው እያረረ ገንዘቡን በስልክ ላክሁ። ወዲያው ደግሞ ኡሹሩ፣ ቀረጥ ማለት ነው፣ ጨምሪ የሚል መጣ። ለቤት ኪራይ ያስቀመጥኩትን ላክሁ።

ደንበኞቼን «እናቴ ታረቀችኝ!» እያልኩ ሻይ በነፃ ቀዳሁላቸው። አላስቻለኝም፣ ወደ ቤት ደወልኩ። ታምሩ አነሳው።

«ለእማዬ ንገርልኝ፤ የላክሽልኝ ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች በላት።»

ስልኩን ወደ እሷ ይዞ ሲሄድ ኮቴው ተሰማኝ። ከዚያ በናፍቆት የሞትኩለት የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ምን ላክሁልሽና ነው? ምንም እንዳልላክሁልሽ ታውቂያለሽ። ያዋረድሽኝ አንሶ አሽሙር ጀመርሽ?»

ዘጋችው።

ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ የአውቶቡስ እቃ ወደሚረከበው ወደ ገልገሎ ሮጥኩ። ቡቲዬ የሚባለው የዚያው የሞያሌ ሰፈር ልጅ ነው፤ አማርኛን ከእኛ ነጋዴዎች ነው የለመደው። መልእክቱን አሳየሁት።

«ዳዳ፣ ማማ የት ናት?» አለኝ፤ ዳዳ እህቴ ማለቱ ነው።

«ዲላ።»

ወደ ሰሜን በእጁ አሳየ። «ዲላ በዚያ። ናይሮቢ በዚህ። ምዚጎው እኛን ዘሎ ናይሮቢ ወርዶ፣ ተመልሶ ወደ አንቺ ሊመጣ?»

መልእክቱ የገባው ቤት በማያውቁት በኬንያው ቁጥሬ እንደሆነም ያኔ ትዝ አለኝ።

«እቃ ሲመጣ ሹፌሩ ይደውላል፣ ላኪው ማን እንደሆነ ይናገራል። አንቺ መጥተሽ፣ አይተሽ፣ ከዚያ ትከፍያለሽ። ሳያዩ መክፈል ሃፓና፣ የለም። እስቲ ደውይላቸው።»

ደወልኩ። ስልኩ ተዘግቷል።

«ፖሌ፣ ዳዳ» አለኝ። አይዞሽ ማለቱ ነው። ከመሰደብ በላይ አሳፈረኝ።

ወደ ቤት በጓሮ በኩል ተመለስኩ። በማግስቱ ደንበኞቼ «እናትሽ ምን ላከችልሽ?» አሉኝ። «ልብስ» አልኩ። «እስቲ ልበሽው!» ይላሉ ደግሞ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ቤታችሁን አስቀይማችሁ ለወጣችሁ ነው። ሞኝ ስለሆናችሁ እንዳይመስላችሁ የምትታለሉት፤ የምትጠብቁት ነገር ስላለ ነው። ዘመድ እቃ ከላከ ራሱ ይደውላል፣ በማን እጅ እንደላከ ይናገራል። ስም የሌለበት፣ ዛሬውኑ ክፈሉ የሚል፣ ከፍላችሁ ሌላ የሚጨምር መልእክት ከመጣ እጃችሁን ሰብስቡ። መልእክቱ በሰጣችሁ ቁጥር ሳይሆን የእቃ ቢሮው ድረስ በእግራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። አፍራችሁም አትደብቁ፤ እኔ ስደብቅ ያቺው መልእክት ጎረቤቴንም በላቻት።

ለእናቴ ግን መናገር ነበረብኝ። አሽሙረኛ ከምትለኝ ቂል ብትለኝ ይሻላል ብዬ ደወልኩ። ታምሩ ስለምነው ስልኩን ሰጣት።

«እማዬ፣ አሽሙር አልነበረም። ሌቦች ናቸው። እቃ መጥቶልሻል ሲሉኝ…»

«ከእኔ መሰለሽ?»

«አዎ።»

 ከጓሮ የዶሮ ጩኸት፣ ከቅርብ የእማዬ ትንፋሽ ይሰማኛል።

«ምን ይኖርበታል ብለሽ ነበር?» አለችኝ።

ብዙ ነገር አስቤ ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ትንሹ ነው።

«በርበሬ።»

«የዘንድሮ በርበሬ ደህና አይደለም» አለችና ስልኩን ለታምሩ ሰጠችው።