ካሜራ ያልደረሰበት ልምምድ

ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ቦንጋ ከማስተምርበት ግቢ ወሰዱኝ። ሰዓቱን ያስታወስኩት የግድግዳው ሰዓት ከጀርባቸው ስለነበረ ነው። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር፤ የቀይ እስክሪብቶዬን ክዳን ገጥሜ ተነሣሁ። ሁለቱም ሰዎች ትሑቶች ነበሩ፤ አንደኛው ቦርሳዬን ያዘልኝ። ጣቢያው ድረስ በባጃጅ ሄድን፤ ለሦስት ሰው ስለጠበበን መንገዱን ሁሉ ጉልበታችን እየተነካካ ይቅርታ ስንጠያየቅ ደረስን።

ክፍሉ በቁመቱ ስድስት እርምጃ፣ በወርዱ አራት ነው። ወለሉ ላይ ሸራ ተነጥፏል፤ የበረኪናና የረጠበ ብርድ ልብስ ሽታ አለ። ውስጡ ካሉት ሰባት ሴቶች አንዷን ለመለየት ጊዜ አልወሰደብኝም፤ በአገሩ ፊልም የሚያይ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ከመስኮቱ ሥር ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«አንቺንም?» አለች ቆይታ።

«አዎ።»

«እኔ ስምሽን አልጠራሁም።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ትወናን በቀበሌ የኪነት ቡድን ጀምራ፣ ፊልም በካሴት ይዞር በነበረበት ዘመን በሠርጓ ዕለት የተተወች ሙሽራ ሆና ተጫወተች። ያ ሚና ሽልማትም ስምም ሰጣት፤ የራሷን ስም ግን ወሰደባት። መንገድ ላይ፣ ሐኪም ቤት፣ እዚህም ክፍል ውስጥ ሁሉም የሚጠራት «ሙሽራዬ» እያለ ነው። ፀጉሯ ሲሸብት የሚሰጧት ሚና የሙሽራ እናት ሆነ፤ ሁለት ትዕይንት፣ አንድ ልቅሶ። ወደ ካፋ ያመጣት ከስድስት ዓመት ጥበቃ በኋላ ያገኘችው መሪ ሚና ነበር። ባሏ የሞተባት፣ የንብ ቀፎ የተሰቀለበት ጫካዋ ለባለሀብት ሊሰጥባት የተቃረበ ሴት።

እኔን የፊልሙ ሰዎች የጠሩኝ የአካባቢውን ወግና በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ያለውን ንግግር እንዳርም ነው። በስክሪፕቱ ላይ ሴትዮዋ በሕዝብ ፊት ቆማ ትጮኻለች። እዚህ ያዘነች ሴት እንዲህ አትናገርም አልኳት። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ሰው አትዪ፤ ቀፎ የተሰቀለባቸውን ዛፎች አንድ በአንድ ጥሪ፣ ማን እንደሰቀለ፣ ማን እንደወረሰ። አዲሱን ንግግር በእጄ ጽፌ ሰጠኋት። ዛፎቹንና የባለቤቶቹን ስም የወሰድኩት ማንኪራ አካባቢ ለጥናት ስዞር ከሞላሁት ማስታወሻ ደብተር ነው። ትክክለኛነት ሙያዬ ነው፤ ስም መፍጠር እንደሚቻል እንኳ አልታሰበኝም።

ማንኪራ ላይ ቀረጻው በታሰበበት ቀን ካሜራ የጫነችው መኪና ጭቃ ይዟት ቀረች። እስክትደርስ እንለማመድ አለ ዳይሬክተሩ። ቡና ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ተሰበሰቡ። እሷም ጀመረች። አራተኛው ዛፍ ላይ ስትደርስ አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የጠራችው አባታቸው ቀፎ የሰቀሉበትን ዛፍ ነበር። ሰባተኛው ላይ አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀመጠች። ስትጨርስ ማንም አላጨበጨበም። የእነሱም ጫካ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው እየተባለ ነበር፤ ተነሥተው በዝምታ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት መሄድ ጀመሩ። እሷም አብራቸው ሄደች። የፊልም ሰው «ካት» ካልተባለ አያቆምም፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ ቃሉ ከአፉ አልወጣም።

መርማሪው በዚያው ረቡዕ ከቀትር በኋላ አስጠራኝ። «መምህርት፣ ይቀመጡ» አለኝ። «ስክሪፕቱን አንብበናል፤ ይህ ንግግር የለበትም። ከራሷ አውጥታ ነው የተናገረችው። እርስዎ ይህንኑ ካረጋገጡልን የእርስዎ ኬዝ እዚሁ ይዘጋል። ነገ ጠዋት ፈርመው ወደ ቤትዎ።»

ቤት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ልጅ ትጠብቀኛለች።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሴቶቹ በተዋናይቷ እየቀለዱ ነበር። ከወሎ መጥታ ቦንጋ ገበያ ሱቅ የከፈተች አንዲት ነጋዴ፣ «ሙሽራዬ፣ እስቲ ያቺን ልቅሶ አንዴ! ወላሂ ያን ሙሽራ ባገኘው በሚዛኔ ድንጋይ ነበር የምፈነክተው» ትላታለች።

«እናንተ ሽንኩርቱን አምጡ እንጂ ማልቀሱን ለእኔ ተዉት።»

«ሽንኩርት ነበር እንዴ? ዓመት ሙሉ አልቅሼልሽ!»

ሳቁ ሲበርድ ተዋናይቷ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። የተባልኩትን ነገርኳት።

«ፈርሚ» አለች።

«የንግግሩ ገጽ በእጄ የተጻፈ ነው። ሲፈትሹ ያገኙታል።»

«አያገኙትም። በልቼዋለሁ።»

«ምን?»

«ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የመምህር ነገር፤ ወረቀቱም ወፍራም፣ ጽሑፉም ጥቅጥቅ ያለ። አልታኘክ አለኝ።» ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ሠላሳ ዓመት የሌላ ሰው ቃል የራሴ ነው እያልኩ ሕዝብ ሳሳምን ኖሬ፣ አንድ መርማሪ ያቅተኛል? ፈርሚና ልጅሽ ጋ ሂጂ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ከዚያ ግድግዳውን እያየች፣ «ያን ቀን የሠራሁትን ያህል ሠርቼ አላውቅም» አለች። «አንድም ምስል የለም። አስቢው።»

እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ፊልሙ አልተጠናቀቀም፤ እሷም ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ባለፈው ወር ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ ስመለስ የአውቶቡሱ ስክሪን ላይ ብቅ አለች፤ በሙሽራ ልብስ፣ እየጮኸች ታለቅሳለች። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴቶች «ሙሽራዬ» እያሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሌላውን ድምፅ ፈለግሁ፤ ዝቅ ያለውን። ያን ድምፅ የሰማን ጥቂቶች ነን፤ ከእኛም ውስጥ የሞቱ አሉ። ጥፋቱ እውነተኛ ስሞችን ያስጻፈኝ የእኔ ጥንቃቄ እንደነበረ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የዚያ ረቡዕ ማግስት፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ መርማሪው የተተየበውን ቃል ከፊቴ አኖረ። ፊርማ የሚያርፍበት ቦታ በእስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ባዶ ወረቀት ጠየቅሁ። ንግግሩን ከመጀመሪያው ዛፍ እስከ መጨረሻው ጻፍኩት፤ የባለቤቶቹን ስም ግን፣ ሰዎቹ እንዳይፈለጉ፣ በሙሉ ፈጥሬ ቀየርኩ። በሕይወቴ ሆን ብዬ ያሳሳትኩት ሰነድ ያ ብቻ ነው። ከሥሩ «ይህን ንግግር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተዋናይቷ የተሰጣትን አጥንታ ተናግራለች» ብዬ ፈረምኩ።

መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበው። «መምህርት፣ ምን ነካዎት?» አለኝ፤ በቁጣ አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ ውሳኔውን አነበበልን። እሷ በዋስ ትወጣለች፤ እኔ ለተጨማሪ ዐሥራ አራት ቀን እቆያለሁ። ነጋዴዋ ሙሽራ እንደምትሸኝ እልል አለች፤ ጠባቂው «ዝም በሉ!» አለ። ተዋናይቷ አላቀፈችኝም፣ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣጥፋ በቦታዬ ላይ አኖረች። ከዚያ ማንንም ሳታይ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የመጀመሪያውን ዛፍ እየጠራች ወጣች።