አምፕሊፋየሩ ውስጥ የታቀፈችው ዶሮ

ነገሩ የገጠመኝ ሰቆጣ መብራት የምታገኘው በጄኔሬተር፣ ያውም ማታ ማታ ብቻ በነበረበት ዘመን ነው። ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ክረምት ገብቶ ሰማዩ ሲያጉረመርም ግን ዛሬም እንደ ሕልም ድቅን ይልብኛል።

ያኔ ከአንድ የተሰናበተ ወታደር የገዛሁት ኤሌክትሪክ ጊታር ነበረኝ። አምፕሊፋየር ግን የለኝም። ያለ እሱ ደግሞ ጊታሩን ከራሴ በቀር ማንም አይሰማውም። እንጨቱን አገጬ ላይ አስደግፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጫወታለሁ፤ ድምፁ በአጥንቴ በኩል ይመጣልኛል። ጓደኞቼ "ዝምተኛ ሚስት አገባህ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰቆጣ አጠገብ ባለው ጋዝጊብላ ወረዳ ውስጥ እማማ ትርንጎ የሚባሉ እናት ቤት አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር እንዳለ ሰማሁ። ያመጣው ልጃቸው ሞላ ነው። በኋላ ወደ ሱዳን ተሻገረና "ቶሎ አልመጣም፤ ሽጪው" ብሎ በሰው ላከባቸው።

ግማሹን መንገድ በአይሱዙ፣ ግማሹን በእግሬ ሄድኩ። አገሩን ጉም ስለሸፈነው ቤቱን ያገኘሁት በውሻው ጩኸት ነው። እማማ ትርንጎ ተቀበሉኝና ወደ ጥግ አመለከቱኝ። እንጨቱ የጠቆረ፣ የፊቱ ጨርቅ ቢጫ የሆነ፣ ጀርባው ክፍት የሆነ ሳጥን ተቀምጧል። ልቤ ዘለለ። ጎንበስ ብዬ ጀርባውን ሳይ ግን ጭድ ላይ የታቀፈች ቀይ ዶሮ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ።

"የታቀፈች ዶሮ አትነካም ልጄ" አሉኝ። "ስትፈለፍል ትመጣለህ።"

"ምነው እዚህ ውስጥ አስቀመጧት?"

"ብረት አለበት አይደል? ብረት ያለበትን እንቁላል ነጎድጓድ አያበላሸውም። ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚያስታቅፈው።"

እውነትም ውስጡ ከባድ ብረት አለው። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ሳምንታት ቆጥሬ ስሄድ ቀይዋ ጫጩቶቿን ይዛ ደጅ ትጭራለች። ሳጥኑ ውስጥ ግን ገብስማ ዶሮ ታቅፋለች። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብለው ሳቁብኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ጊታሬን አንግቤ ስሄድ ገብስማዋ እዚያው ናት። ጆሮዬን ቢጫው ጨርቅ ላይ ለጠፍኩ። ከውስጥ፣ ከእንቁላሉ ገና ያልወጡ ጫጩቶች ሲንጫጩ ሰማሁ። ከዚያ ሳጥን የሰማሁት የመጀመሪያው ድምፅ ይኸው ነው። ንዴቴ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

"እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። መሸጥ አይፈልጉም አይደል?"

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ "እኔ እኮ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም" አሉኝ። "ሞላ በበቅሎ ጭኖ ያመጣው ለታ፣ 'መብራት መንደራችን ሲገባ አሰማሻለሁ' ብሎኝ ነበር። ይሄ ከቤቴ ከወጣ ልጄ አይመጣም ብዬ ማመኔ አይደለም እንዴ?"

ሳጥኑን ትቼላቸው ልሄድ ነበር። አንደበቴ ግን፣ "መብራት ሲገባ እኔ አምጥቼ አሰማዎታለሁ" አለ።

"በማን ስም?"

"በመድኃኔዓለም።"

ብዙ አዩኝ። ጫጩቶቹ ወጥተው እስኪደርቁ ድረስ እዚያው አሳደሩኝና ጠዋት ገብስማዋን ከነልጆቿ በገዛ እጃቸው ወደ ቅርጫት አዛወሯት።

ዋጋውን ከፍዬ ሰቆጣ አምጥቼ ሳበራው ሠራ። ሲሞቅ የተቃጠለ ላባ ይሸታል። ስንት ሠርግ አደመቅሁበት፤ ሽታው ግን አልለቀቀውም።

ከዓመታት በኋላ እነ እማማ ትርንጎ መንደር መብራት ገባ። ወሬውን በሰማሁ ሳምንት ሳጥኑን ጭኜ ሄድኩ። አርጅተዋል። ሞላ አልተመለሰም። ሳጥኑ የነበረበት ጥግ ባዶ ነው፤ መሬቱ ላይ ግን አዲስ ጭድ ተነጥፏል። እዚያው አስቀመጥኩት።

ሰካሁት። ጀርባው ላይ ያሉት ትናንሽ አምፖሎች ቀስ እያሉ ቀሉ፤ ሳጥኑ ማጉረምረም ጀመረ። ጊታሩን ልመታ ስል "ቆይ" አሉኝ። ዶሮ ሥር እንቁላል እንደሚዳብሱ ሁሉ እጃቸውን በጀርባው በኩል ሰደዱ። እንዳይቃጠሉ ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ይሞቃል" አሉ። እጃቸውን መለሱ። "አሁን ምታው።"

መታሁት። ምን እንደተጫወትኩ አላስታውስም። ስጨርስ "እንዲህ ነው ለካ" አሉና እንባቸውን ጠረጉ። ውሰደው አላሉኝም፤ እኔም አላነሳሁትም። ጊታሬን ብቻ አንግቤ ወጣሁ።

አሁን ሌላ አምፕሊፋየር አለኝ፤ አዲስና ቀላል፣ ሽታም የለው። ክረምት ላይ ሲያንጎደጉድ ግን ጨዋታዬን አቆምና ያንን ጥግ አስባለሁ። እንቁላሎቹ ደህና ናቸው እላለሁ።