የአባባ ደብተርና አቶ ቡላ

ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ጎሚስታ ቤት ቸርኬ በብረት ሲመታ በሰማሁ ቁጥር እግሬ ሩጪ ሩጪ ይለኛል። የትምህርት ቤታችን ደወል ዛፍ ላይ የተሰቀለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነበር፤ አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ቢሆኑም፣ ዘበኛው ሲቀር እጅጌያቸውን ሰብስበው ራሳቸው ይደውሉት ነበር።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አባባ የትምህርት ቤቱን ታሪክ ይጽፉ ነበር። ማለቴ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ የእጅ ጽሑፋቸው እንኳን ለሌላ ለራሳቸውም አይነበብም። መሬቱን ማን እንደ ሰጠ፣ የመጀመሪያውን ክፍል ግድግዳ እነማን እንደ መረጉ፣ ሁሉን ከሽማግሌዎች ጠይቀዋል። አንድ ቀን ለቤተ መጻሕፍቱ ድንጋይና አሸዋ ያመላለሱትን ሰዎች ስም ሲያጽፉኝ፣ በዚያው ዓመት የሞተው አህያችን ቡላ ትዝ አለኝ። ጀርባው እስኪላጥ ከወንዝ አሸዋ የተሸከመ እሱ ምን በደለ ብዬ፣ «አቶ ቡላ» ብዬ መሃል ላይ ሰካሁት። ቡላ የሚባል ሰው በአገሩ ሞልቷልና አባባ አልነቁብኝም።

በጥቅምት ቡናው ሲቀላ ተማሪው ለለቀማ ይበተንና ክፍሉ ጭር ይል ነበር። አባባ ያን ጊዜ እስከ ጨለለቅቱ ከተማ እየሄዱ የድሮ ተማሪዎችን ያነጋግሩ ነበር። ደብተሩን ይዞ የሚከተላቸው ታሪኩ የሚባል ተማሪያቸው ነበር። ታሪኩ የቡላን ዓይን አላየም፤ ከገደብ ወረዳ መጥቶ እኛ ቤት እየኖረ መማር የጀመረው በኋላ ነው። ከአንድ ትሪ ቆጮና ጎመን በልተን አድገናል፤ አባባ «ልጄ» ይሉት ነበር፣ እኔም ወንድሜ ነው እል ነበር።

ተምሮ ተመልሶ የዚያው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሲሆን እንደኛ የተደሰተ አልነበረም። ባለፈው በጋ ቤት መጣና «ጋሼ፣ ለምሥረታ በዓሉ መጽሔት እናወጣለን። ደብተሩን ለአንድ ሳምንት ይስጡኝ፤ በስምዎ ይታተማል» አለ። አባባ በጡረታቸው የቀራቸው ምኞት ይኸው ብቻ ነበር። ከሣጥን አውጥቼ በሁለት እጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

በበዓሉ ቀን አባባ ከረባታቸውን አስረው ከፊት ተቀመጡ። መጽሔቱ ሲታደል ሽፋኑ ላይ የታሪኩ ስም ብቻ ነበር። አባባ ገለጡ፣ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ገለጡ፤ የትም የሉም። ታሪኩን ታሪኩ ወሰደው። ባዳ ቢያደርገው ኖሮ እንዲህ አያንገበግበኝም ነበር።

እሱ መድረክ ላይ ሆኖ «በእግሬ ዞሬ፣ ከአባቶች አፍ የሰበሰብኩት ነው» አለና ለቤተ መጻሕፍቱ የደከሙትን ስም ማንበብ ጀመረ። «አቶ ቡላ!» ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ። «ቤተሰባቸው ካሉ መጥተው የምስክር ወረቀታቸውን ይውሰዱ።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ታሪኩ ሲያየኝ ግራ ገባው። «ምንሽ ናቸው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አህያችን ነው» አልኩት፤ ወረቀቱን ከእጁ ወስጄ ወረድኩ።

አባባ ስሙን ደጋግመው አነበቡ። «የኛ ቡላ?» አሉኝ። ያን ጊዜ የሠራሁትን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «እሱስ ይገባዋል» አሉ።

ድሮ ቸርኬው ሲመታ አባባ እረፍት ላይም ቢሆኑ ቀና ብለው ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። አሁን የኤሌክትሪክ ደወሉ እስከ ደጃችን ይሰማል፣ እሳቸው ግን ቀና አይሉም።