ስንቅ ላመጣ ያልሄድኩባት ቅዳሜ

ልጄ ህሊና ለሥራ ቃለ መጠይቅ እየተዘጋጀች ነው። ድንች እየላጠች ስልኳን ግድግዳው ላይ አስደግፋ የእንግሊዝኛ ፖድካስት ትሰማለች። ሁለት ሰዎች ያወራሉ፤ እሷ እየተከተለች ትደግማለች።

«እማ፣ ቃል ለብቻው አይጠናም» ትለኛለች። «እኛስ ቀበቶ እንታጠቃለን፣ ሰዓት እናስራለን እንጂ ሰዓት እንታጠቃለን እንላለን? የእነሱም እንዲሁ ነው።»

ያመለጣትን ወደ ኋላ መልሳ ትሰማዋለች። ያን ጊዜ የሚሰማኝ በልጅ ላይ ነውር ነው፤ ግን ቅናት ነው።

እኔ ሰባተኛ ክፍል የተማርኩት ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቼ ነው። አገሬ ከገሳይ ከተማ ወዲህ፣ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። አባቴ ያስተማሩኝ በአንድ ውል ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓይናቸው እንዲያየኝ። ያኔ ልጃገረድ ከመንገድ ትጠለፍ ነበርና። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ለስንቅ በእግሬ እወጣለሁ፤ እሑድ ድርቆሽና ሽሮ ተሸክሜ እመለሳለሁ። ክረምት ሲቃረብ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል።

የአከራዬ የእትዬ ዘውዴ ልጅ ትርንጎ አብራኝ ትማር ነበር። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ እኔ ዳገት ስወጣ፣ እሷ ቤቷ ተቀምጣ ከሬዲዮ የእንግሊዝኛ ትምህርት ትሰማለች። ሰኞ መምህሩ ሲጠይቃት ንግግሩ ከአፏ እንደ ውሃ ይወርዳል። የሸመደድኳቸው ቃላት ከእሷ ይበልጡ ነበር። ሳገጣጥማቸው ግን መምህሩ «ገብቶኛል፤ ግን እንዲህ አይባልም» ይለኛል።

«አንቺ ቃል ታከማቻለሽ፣ እኔ አወራበታለሁ» አለችኝ ትርንጎ አንድ ቀን። ክፍሉ ሳቀ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ለስንቅ አልሄድኩም። መቅረቴን ለቤተሰቤ የሚነግርልኝ ሰው አላገኘሁም፤ ከቅናቴ የተነሣም ብዙ አልፈለግኩም። ከትርንጎ ጋር ከሬዲዮው ፊት ተቀመጥኩ። የሬዲዮዋ አስተማሪ ትናገራለች፣ ዝም ብላ ትጠብቀናለች፣ እኛ እንደግማለን። ቃላቱ አብረው እንደኖሩ ባልና ሚስት ተያይዘው ይመጡልኝ ጀመር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሑድ ጠዋት አባቴ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው በር ላይ ቆሙ።

«አለሽ?»

«አለሁ፣ አባባ። ሬዲዮ ልሰማ ነው የቀረሁት።»

«ሬዲዮ።» ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። «እናትሽ ሞተሻል ብላ ስታለቅስ አደረች። ዕቃሽን ሰብስቢ።»

እትዬ ዘውዴ ሮጠው መጡ። «ኧረ ጋሼ፣ ለትምህርት ብላ እኮ ነው። ይማሯት።»

«ትምህርቱስ ደግ ነው፣ እመቤቴ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሌሊት ሁለተኛ አልችልም።»

ትርንጎ ስንሄድ በመስኮት ታየን ነበር። እሷ ተምራ መምህርት ሆነች። እኔ በዓመቱ ተዳርኩ።

አሁን ህሊና ከባጃጅ ተራ ትንሽ ብትዘገይ ስልክ የምደውል ሴት ነኝ። አባቴ ያን ጠዋት ምን ተሸክመው እንደመጡ ይገባኛል። ቢገባኝም አልቀለለኝም። ቋንቋው አፏ ላይ በለሰለሰ ቁጥር እቀናለሁ፤ ሩቅ የምትሄድብኝም ይመስለኛል።

ለቃለ መጠይቁ ባሕር ዳር ልከተላት አስቤ ነበር። ተውኩት። ስትደርሺ ደውዪልኝ ብቻ አልኳት።

እሺ አለችኝ፤ እሱንም በእንግሊዝኛ።